የዲላ ጣሪያዎች፦ ከሣር ክዳን ወደ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮ ደግሞ ወዴት?

እስቲ ይቺን ሰዓት አስታውሷት። ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ ክፍል ውስጥ ናችሁ። ፀሐይዋ ቆርቆሮውን ከጠዋት ጀምሮ ስታግለው ውላ ጣሪያው በየደቂቃው ይንጣጣል። ዓይናችሁ እየከበደ፣ ደብተሩ ላቡን ከእጃችሁ እየጠጣ ነው። ድንገት ሰማዩ ይጠቁርና ዝናቡ ይወርዳል። መምህሩ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ይታያችኋል፤ ድምፃቸው ግን የለም።

እኔ ያደግሁት ዲላ ነው። የተማርኩበት ክፍል ኮርኒስ አልነበረውም። የሂሳብ መምህራችን ዝናብ ሲመጣ ሰሌዳው ላይ ጥያቄ ጽፈው፣ እስኪያባራ ድረስ ወንበራቸው ላይ ቁጭ ይሉ ነበር። ዲላ ደግሞ ዝናብ የማያጣት ከተማ ናት፤ በበልግም በመኸርም ይዘንብባታል። ስንት ክፍለ ጊዜ በቆርቆሮ ድምፅ እንዳለፈ ቤት ይቁጠረው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ወናጎ አጠገብ ወዳለው አያቴ ቤት እሄድ ነበር። ቤቱ የሣር ክዳን ጎጆ ነው። እኩለ ቀን ላይ ከውጭ ስትገቡ ቅዝቅዝ ይላችኋል። ዝናቡ ሲወርድ የሚሰማው "ሽሽሽ" የሚል ለስለስ ያለ ድምፅ ብቻ ነው፤ አያቴ ተረት ሲነግሩን አንዲት ቃል አትጠፋብንም። ያኔ አንድ ጥያቄ ገባብኝ፤ እስከ ዛሬም አልወጣም። ሰው "የድሃ ቤት" የሚለው ጎጆ፣ "ዘመናዊ" ከሚባለው ክፍላችን ለምን ተሻለ?

ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ መልስ ነው። የጣሪያ ታሪክ ነው ልትሉት ትችላላችሁ። መጨረሻው ላይ ደግሞ እኔ ራሴ የሠራሁትን ስህተት እነግራችኋለሁ።

14 ምጣድ ጣሪያ ላይ

በመጀመሪያ ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ አንድ ካሬ ሜትር ቦታ ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል ወደ 1,000 ዋት ይጠጋል። 7 ሜትር በ7 ሜትር የሆነ ቤት አስቡ፤ ጣሪያው ወደ 50 ካሬ ሜትር ነው። ስለዚህ ጣሪያው ላይ 50 ኪሎዋት አረፈ ማለት ነው። እናታችሁ እንጀራ የሚጋግሩበት የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚወስደው ደግሞ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ነው። 50ን ለ3.5 አካፍሉት፤ 14 ይመጣል።

አዎ፣ እኩለ ቀን ላይ አንድ ተራ ቤት ጣሪያው ላይ 14 ምጣድ በርቶበታል!

ሁሉም ወደ ውስጥ አይገባም። የተወሰነው ተንጸባርቆ ወደ ሰማይ ይመለሳል፣ የተወሰነውን ነፋስ ይወስደዋል። ግን አንድ አምስተኛው ብቻ ወደ ታች ቢወርድ እንኳ ጭንቅላታችሁ በላይ ሦስት ምጣድ ገደማ ተሰቅሏል ማለት ነው። የአርክቴክት ዋና ሥራ ታዲያ ምንድን ነው? ምጣዶቹን ማጥፋት አይችልም፤ ፀሐይ አትጠፋም። የሚችለው ሙቀቱ ወደ እናንተ የሚመጣበትን መንገድ መዝጋት ወይም ማጥመም ነው።

መንገዶቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው በንክኪ ነው፦ ማንኪያ ትኩስ ሻይ ውስጥ ስትተዉት እጀታው እንደሚግለው። ሁለተኛው በአየር እንቅስቃሴ ነው፦ የሞቀ አየር ይቀላል፣ ወደ ላይ ይወጣል። ሦስተኛው በጨረር ነው፦ ከምድጃ ፊት ስትቀመጡ ሳትነኩት ፊታችሁን እንደሚለበልባችሁ። የጋለ ቆርቆሮ በጨረር አናታችሁን ያገኘዋል። ለዚህ ነው መስኮት ተከፍቶም፣ ነፋስ እየገባም፣ ክፍሉ ውስጥ ራሳችሁን የሚያማችሁ።

ጎጆው ምን ያውቅ ነበር?

አሁን ወደ ጎጆው እንመለስ። ብረት ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ከደረቅ ሣር በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። ቆርቆሮው ደግሞ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፤ የሣር ክዳን ግን ስንዝር ይሆናል። ምሥጢሩ ያለው ሣሩ ውስጥ ሳይሆን በሣሩ መካከል ነው። በእያንዳንዱ ሰበዝ መካከል መንቀሳቀስ ያልቻለ አየር ታስሯል። የታሰረ አየር ሙቀትን አያሳልፍም። የጋቢ ሙቀትም ከዚሁ ነው፤ ጋቢው ራሱ ሙቀት አይፈጥርም፣ አየር ግን አስሮ ይይዝላችኋል።

ሁለተኛ፣ የጎጆው ጣሪያ ከፍ ያለና ሹል ነው። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሸሽቶ ከሰው አናት ይርቃል። ሹልነቱ ውኃውን ቶሎ ያወርደዋል፤ ክፈፉ ደግሞ ከግድግዳው አልፎ ስለሚወጣ ግድግዳው ፀሐይም ዝናብም አያገኘውም።

ሦስተኛው ከቤቱ ውጭ ነው፤ ብዙ ሰው የሚረሳውም ይሄንን ነው። ጌዴኦን በመኪና ያቋረጠ ሰው መንደሩን ሳያይ ሊያልፍ ይችላል፤ ቤቶቹ ዛፍ ውስጥ ናቸውና። ከላይ እንደ ዋንዛና ብርብራ ያሉ ትልልቅ ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና። ይህ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ዓለም የመዘገበው ጥምር እርሻውን፣ የተከበሩትን ደኖች፣ የጥንት ትክል ድንጋዮቹንና ይህን ሁሉ ጠብቆ ያቆየውን የአባቶች ሥርዓት ነው። እኔ ግን እንደ መሐንዲስ ሳየው ሌላም ነገር ይታየኛል፦ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ! ዛፉ ጣሪያ ነው፤ ፀሐይዋን ይቀበላታል። እንሰቱ ኮርኒስ ነው፤ ያመለጠውን ብርሃን ያጣራል። ቡናው ወለሉ አጠገብ በቀዝቃዛ ጥላ ያድጋል። ቅጠሎቹ ደግሞ ውኃ ሲያተኑ ዙሪያቸውን ያቀዘቅዛሉ፤ ላባችሁ ሲደርቅ ቆዳችሁ እንደሚቀዘቅዘው ማለት ነው። ጎጆው የዚህ ትልቅ ሕንፃ አንድ ክፍል ብቻ ነው።

ታዲያ ሣሩ ለምን ተሸነፈ?

እዚህ ላይ "የጥንቱ ሁሉ መልካም ነበር" ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው። አያቴ ሳል አይለያቸውም ነበር። ጎጆው ውስጥ እሳት ይነድዳል፣ ጢሱ የሚወጣው በሣሩ መካከል ቀስ እያለ ነው። ጢሱ ሣሩን ከነፍሳት ይጠብቃል ይባላል፤ ሳንባን ግን አይጠብቅም። ክዳኑ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ ይፈልጋል። አንዲት ፍንጣሪ ቤቱን በሙሉ ትበላዋለች። ሣሩን ማግኘት ራሱ እየከበደ ሄዷል፦ ጌዴኦ ሕዝብ ተጠጋግቶ የሚኖርበት አገር ነው፤ ቡናና እንሰት ባልተተከለበት ቦታ ሣር የሚያበቅል ማን ነው?

በዚህ ጊዜ ነው ቆርቆሮ የመጣው። ታሪኩ የሚጀምረው ሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1829 ለንደን ውስጥ ሄንሪ ፓልመር የሚባል መሐንዲስ ሸንተረር ያለው የብረት ሉህ የፈጠራ መብት አወጣ። ሸንተረሩ ለውበት አይደለም። አንድ ወረቀት ወስዳችሁ በሁለት መጽሐፍ መካከል እንደ ድልድይ አጋድሙት፤ እርሳስ ሲያርፍበት ይጎብጣል። ያንኑ ወረቀት እንደ ማራገቢያ እጠፉትና ድገሙት፤ ይሸከማል! ፓልመር ያደረገው ይህንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1837 ደግሞ ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል ብረትን ከዝገት ለመጠበቅ በቀለጠ ዚንክ የመሸፈን ዘዴ የፈጠራ መብት አገኘ። ሁለቱ ሲጋጠሙ ቀላል፣ ጠንካራ፣ ቶሎ የማይዝግ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ የሚጓዝ ጣሪያ ተገኘ።

ወደ እኛ አገር መምጣቱ የመንገድ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ ከባድ የውጭ ዕቃ ማስገባት ቀለለ። ከዚያ ወዲያ ያለው የመኪና ሥራ ነው። ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የቡና ገበያ ናት። ወደ ላይ ቡና የጫነ መኪና ሲመለስ ምን ጭኖ እንደሚመለስ ገምቱ። ቡና የሸጠ ገበሬ ቆርቆሮ ይገዛል። አያፈስም፣ እሳት አይፈራም፣ አሸንዳ ከተገጠመለት ንጹሕ ውኃ ወደ በርሜል ያወርዳል፤ ለአንዲት ልጅ ይህ ማለት ወንዝ የማትወርድበት ቀን ማለት ነው። ከሩቅ ሲያብለጨልጭ ደግሞ "እዚህ ቤት ሰው አልፎለታል" ይላል። ስለዚህ ቆርቆሮን የመረጡ ሰዎች አልተሳሳቱም። በምርጫው ውስጥ የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሣሩ ሲነሣ፣ ሣሩ በዝምታ ይሠራው የነበረውን ሥራ ማን ይሥራው ብሎ የጠየቀ የለም።

ከቆርቆሮ ወደ መስታወት

ያው ነገር ዛሬ ደግሞ በሌላ መልክ እየመጣ ነው። ከተማ ስትወጡ የፊት ለፊቱ ግድግዳ ሙሉ በሙሉ መስታወት የሆነ ሕንፃ ታያላችሁ። አዲስ አበባ በዚህ ተሞልታለች፤ የክፍለ ሀገር ከተሞችም እየተከተሉ ነው። ያምራል፣ አልካድም። ግን ፀሐይ ላይ የቆመ ሚኒባስ ውስጥ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? መስታወት የፀሐይን ብርሃን ያስገባል። ብርሃኑ ወንበሩን ያሞቀዋል፤ የሞቀው ወንበር የሚለቀው ጨረር ግን መስታወቱን አልፎ አይወጣም። ገባ፣ ተቆለፈበት። የመስታወት ሕንፃም የቆመ ሚኒባስ ነው።

ከዚያ አየር ማቀዝቀዣ ይገጠማል። አንድ መካከለኛ ማቀዝቀዣ ከ1 እስከ 1.5 ኪሎዋት ይወስዳል፤ በየክፍሉ አንድ አንድ ስታደርጉ ቁጥሩ ይከማቻል። ከ90 በመቶ በላይ ኤሌክትሪካችን የሚመጣው ከውኃ ነው። ያንን ውኃ ገድበን፣ ተርባይን አዙረን፣ መቶዎች ኪሎ ሜትር ሽቦ ዘርግተን ያመጣነውን መብራት፣ አንድ ክፈፍ ሊከለክለው ይችል የነበረን ሙቀት ለማስወጣት ማዋል አያሳዝንም? ዲላ ከባሕር ወለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በትክክል የተሠራ ቤት እዚህ ማቀዝቀዣ የሚያስፈልገው አይደለም።

ፀሐይ በዲላ ሰማይ ላይ

"በትክክል የተሠራ" ስል ምን ማለቴ ነው? መጀመሪያ ፀሐይዋ የት እንዳለች ማወቅ። ዲላ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 6.4 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ወደ መጋቢት 28 እና ወደ ጳጉሜን 1 አካባቢ፣ እኩለ ቀን ላይ ልክ አናታችን ላይ ትሆናለች። በዚያን ቀን ቀጥ ብላችሁ ብትቆሙ ጥላችሁ እግራችሁ ሥር ይገባል። ታኅሣሥ 12 ገደማ ወደ ደቡብ አዘንብላ እኩለ ቀን ላይ 60 ዲግሪ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ሰኔ 14 ገደማ ደግሞ ወደ ሰሜን አዘንብላ 73 ዲግሪ ላይ።

ይህ ለግንበኛው ምን ይነግረዋል? በደቡብ በኩል 1.2 ሜትር ቁመት ያለው መስኮት አለ እንበል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ እንዳትገባበት ከመስኮቱ ጫፍ በላይ ክፈፉ ስንት ይውጣ? 1.2ን ለ60 ዲግሪ ታንጀንት፣ ማለትም ለ1.73 አካፍሉ፤ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። በሰሜን በኩል ደግሞ 40 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። አለቀ! ትሪጎኖሜትሪ ምን ይጠቅማል ብሎ ለሚጠይቃችሁ ጓደኛ ይህንን አሳዩት።

በምሥራቅና በምዕራብ ግን ይህ አይሠራም። ጠዋትና ማታ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በጎን ስለምትገባ ክፈፍ አይከለክላትም። ስለዚህ ቤቱ በቁመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይጋደም፣ መስኮቶቹ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይሁኑ፣ በምዕራቡ በኩል ዛፍ ይተከል። ይህ ከመሠረቱ በፊት ከታሰበበት አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ከተሠራ በኋላ ግን ቤት አይዞርም።

አገሩ ሲለያይ መልሱም ይለያያል። ቡሌ ከ2,500 ሜትር በላይ ያለ ደጋ ነው፤ እዚያ ጠላቱ የሌሊት ብርድ ነው። ስለዚህ ለዲላ የተሳለ ፕላን ለቡሌ አይሆንም፤ ለቡሌ ሙቀቱን የሚይዝ ወፍራም ግድግዳ፣ የማያስገባ በርና መስኮት ይሻላል። እዚያ የሚቆጠበው ኃይል ማገዶ ነው።

ሌሎቹ እንዴት አደረጉት?

ለቆርቆሮው ጥያቄ ከሁሉ የሚገርመኝን መልስ ያገኘሁት ቡርኪና ፋሶ ነው። ፍራንሲስ ኬሬ ጋንዶ በምትባል መንደር ተወልዶ ጀርመን አርክቴክቸር ተማረ። እ.ኤ.አ. በ2001 ለመንደሩ ትምህርት ቤት ሠራ። ግድግዳው የአፈር ጡብ ነው። ክፍሉ ላይ መጀመሪያ የጡብ ኮርኒስ አደረገ፤ ቆርቆሮውን ግን ከዚያ በላይ ከፍ አድርጎ በቀጫጭን ብረቶች ሰቀለው። በሁለቱ መካከል ነፋስ ያልፋል። ቆርቆሮው ቢግልም ሙቀቱን ነፋሱ ይዞት ይሄዳል፤ ዝናቡ ሲመታውም ድምፁ በኮርኒሱ ይታፈናል። ቆርቆሮን አልናቀውም፤ ጃንጥላ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ2022 ፕሪትዝከር የተባለውን ትልቁን የአርክቴክቸር ሽልማት የተቀበለ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ።

ሐራሬ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 የተከፈተው የኢስትጌት ሕንፃ አለ። አርክቴክቱ ሚክ ፒርስ ሐሳቡን ያገኘው ከምስጥ ኩይሳ ነው። ሌሊት ቀዝቃዛ አየር በኮንክሪቱ መካከል ያልፋል፤ ቀን ኮንክሪቱ ያንን ቅዝቃዜ ቀስ እያለ ይሰጣል።

በአገራችንም አዲስ አበባ በሚገኘው የሕንፃ ኮሌጅ ግቢ (መነሻው እ.ኤ.አ. በ1954 በስዊድን ድጋፍ የተከፈተው የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ነው) እ.ኤ.አ. በ2010ሮቹ መጀመሪያ ከስዊዘርላንዱ ኢ.ቲ.ኤች. ዙሪክ ጋር አንድ የሙከራ ቤት ተሠርቷል። ባለ አንድ ፎቅ ነው። የታችኛው ግድግዳ የተጠቀጠቀ አፈር፣ የላይኛው የአፈር ጡብ፤ በመካከል ያለው ወለል ደግሞ በብረትና በአርማታ ፈንታ በስስ ጡብ ቅስት የቆመ። አፈር ከዚያው ይገኛል፤ እንደ ሲሚንቶ በ1,450 ዲግሪ ምድጃ መጋገር አያስፈልገውም። ጭቃ "የድሃ" ነው የሚለውን ንግግር ለማቆም ባለ ፎቅ የአፈር ቤት ጥሩ መልስ ነው።

የእኔ ስህተት

አሁን ቃል የገባሁት ኑዛዜ። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ የመጀመሪያ ደመወዜን ሳጠራቅም ያሰብኩት አያቴን ነበር። የጎጆው ክዳን አርጅቶ ያፈስ ጀመር። መሐንዲስ የልጅ ልጅ እያላቸው በሣር ቤት ይኑሩ? አይሆንም አልኩ። ጎጆው ፈርሶ ባለ ቆርቆሮ ቤት ተሠራ። ገንዘቡ ስላለቀ ኮርኒሱን "በኋላ" አልን። ጎረቤት ሁሉ መረቀኝ፤ አያቴም እጄን ሳሙ።

በሚቀጥለው ዓመት በእኩለ ቀን ስመጣ ቤት ውስጥ አጣኋቸው። ውጭ፣ ዋንዛው ሥር፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ምነው ብል በጌዴኡፋ የመለሱልኝ ይህንን ነው፦ "ልጄ፣ ቤቱ በጣም ያምራል። ቀን ቀን ግን ዛፉ ይሻለኛል።"

አምስት ዓመት ሙቀት እንዴት እንደሚጓዝ ተምሬ፣ ለገዛ አያቴ 14 ምጣድ ሰቅያለሁ።

ከዚያ ያስተካከልነው በትንሽ ወጪ ነው። ከደጋ በመጣ ቀርከሃ ኮርኒስ አስጠለፍን። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል የሞቀው አየር እንዲወጣ በሁለቱም ጫፍ ቀዳዳ ተውን። ቆርቆሮውን ከላይ ነጭ ቀለም ቀባነው፤ አዲስ ቆርቆሮ ቢያብለጨልጭም የያዘውን ሙቀት በጨረር መልቀቅ አይሆንለትም፣ ነጭ ቀለም ግን ብርሃኑንም ይመልሳል፣ ሙቀቱንም ይለቃል። እሳቱ ወደ ውጭ ማዕድ ቤት ወጣ። ጎጆውን አልመለስነውም፤ ጎጆው ያውቀው የነበረውን ግን መለስነው። ዝናቡ አሁንም ይሰማል፤ ተረት ለመናገር ግን አያስቸግርም። አያቴ አሁን የእኩለ ቀን ቡናቸውን ውስጥ ያፈላሉ።

ወደፊት አርክቴክት፣ መሐንዲስ፣ ግንበኛ፣ ወይም ቤት የሚያሠራ ሰው ትሆናላችሁ። እስከዚያ ግን ይህንን ሞክሩ። ሁለት ባዶ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ውሰዱ። አንዱን ነጭ ቀቡት፣ ሌላውን እንዳለ ተዉት። አፋቸውን ደፍታችሁ ፀሐይ ላይ አስቀምጧቸውና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከሥር ያለውን መሬት በእጃችሁ ዳስሱ። ከዚያ ሦስተኛ ጣሳ ጨምሩ፤ ከላይ ትንሽ ክፍተት ትታችሁ የካርቶን ጃንጥላ አድርጉለት። የትኛው ሥር መቀመጥ ትፈልጋላችሁ?

መልሱን ስታገኙ የክፍላችሁን ጣሪያ ቀና ብላችሁ እዩት። ኮርኒስ ከሌለው፣ ለምን እንደሌለው ጠይቁ።